ልጄ ሸክላ መረጠ

ሴራሚክስ ማለት ሸክላ ነው ብዬ ለእማዬ የተረጎምኩላት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው። "ሥዕል ነገር ነው" ብዬ ባልፈው ኖሮ ያን ሁሉ ኩርፊያ ባልቀመስን ነበር።

እማዬ ጥቅምት ላይ ነው ከአዲሳባ የመጣችው። በሁለተኛው ቀን፣ ጄትላጉ እንኳን ሳይለቃት፣ ልጄን አጠገቧ አስቀምጣ ዘንድሮ ምን ምን እንደሚማር ትጠይቀዋለች፣ እሱም ባለችው አማርኛ አልጀብራ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ እያለ ይቆጥርላታል፣ እሷ ደግሞ በእያንዳንዱ "ጎሽ የኔ ጌታ" ትላለች፣ ከዛ "ሴራሚክስ" አለ። ወደኔ ዞረች። እሱ ደግሞ ምንድነው? ሸክላ ነው አልኳት ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ሳላስበው። ዝም አለች። የእማዬን ዝምታ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከጩኸት ይብሳል። ቆይታ ቆይታ "እና አሜሪካ ድረስ ሄደሽ የወለድሽው ሸክላ ሠሪ ልታደርጊው ነው?"

አሁን እዚህ ያደጉ ልጆች ይሄን ሲያነቡ ምኑ ነው የሚያስቆጣው ይላሉ። በሷ ትውልድ ጆሮ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ፋቂ የሥራ ስም አልነበረም፣ ስድብ ነበር። አብረህ አትበላም፣ አትጋባም፣ ቡዳ ነው ይባላል፣ እንስራውንና ጀበናውን ግን ገዝተህ ትጠቀምበታለህ። ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው አትስደቡ ብለው በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ይኸው ከመቶ አመት በላይ ሆነው፣ እኛ ሳሎን ግን ገና አልደረሰም።

እውነቱን ለመናገር ግን እማዬ ላይ መሳቅ አልችልም፣ ምክንያቱም ከአመት በፊት እኔም ተመሳሳይ ነገር ብያለሁ፣ ልዩነቱ እኔ በዘመናዊ ቋንቋ ነው ያልኩት። ልጁ 8ኛ ክፍል እያለ፣ ክረምቱ ውስጥ (የዚህ ሀገር ክረምት፣ በረዶው)፣ ለ9ኛ ክፍል የሚወስዳቸውን ኮርሶች እንዲመርጥ ፎርም መጣ። የግዴታዎቹ ተሞልተዋል፣ ከታች ኤሌክቲቭ የሚል ቦታ አለ፣ ማለትም ፈልጎ የሚወስደው፣ ዝርዝሩም አያልቅም፣ ጃዝ ባንድ አለ፣ ፎቶግራፊ አለ፣ የምግብ ዝግጅት፣ ፎረንሲክ ሳይንስ (የወንጀል ምርመራ ሳይንስ)፣ ቲያትር፣ ልጆች ማሳደግ፣ ምን የሌለ አለ። እሱ አንደኛ ብሎ ሴራሚክስ ጽፏል። እኔ የተናገርኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ "ይሄ ኮሌጅ ሲያመለክት ምን ይጠቅምሃል?"

ደግሞ ሂሳቡንም ሠርቻለሁ፣ ሌሊት ሺፍት ላይ እረፍት ሰአቴን አቃጥዬ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ኦነርስና ኤፒ የሚባሉት ከበድ ያሉ ኮርሶች ላይ ኤ ያመጣ ልጅ በዌትድ ጂፒኤው (የኮርሱ ክብደት በሚታሰብበት አማካይ ውጤት) 5 ይቆጠርለታል፣ ተራ ኮርስ ላይ ያው ኤ 4 ናት። ስለዚህ አማካዩ ከ4 በላይ የሆነ ልጅ በሸክላ መቶ ከመቶ ቢያመጣ እንኳን አማካዩ ዝቅ ይላል! ይሄንን አንዲት እናት ቅዳሴ ወጥተን ፓርኪንግ ላይ ቆመን ነው ያስረዳችኝ፣ ልክ የባንክ ወለድ እንደምታስረዳ። የሷ ልጅ 9ኛ ክፍል ላይ አንድም ባዶ ቦታ የላትም። እኔም ቤት ገብቼ ያቺን ጎበዝ ልጅ ምሳሌ እያደረግኩ ልጄን ጨቀጨቅኩት፣ ታውቁታላችሁ ያንን ጭቅጭቅ።

ካውንስለሩን፣ የትምህርት ቤቱን አማካሪ፣ አናገርኩ። ያሰብኩት "አይ ይቀየርለታል" እንዲለኝ ነበር። እሱ ግን ወረቀት አውጥቶ ይጽፍልኝ ጀመር። ዲፕሎማ ለማግኘት 22 ክሬዲት ያስፈልጋል፣ እንግሊዝኛ 4፣ ሒሳብ 4፣ ሳይንስ 3፣ ሶሻል ስተዲስ 3፣ ስፖርትና ጤና እያለ ይቀጥላል፣ የ75 ሰአት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ለብቻው አለ። አንድ ልጅ በቀን 7 ክፍለ ጊዜ ቢማር በአመት 7 ክሬዲት ነው፣ በአራት አመት 28። ከ22 በላይ 6 ይተርፋል። "ትርፉን ሆን ብለን ነው የተውነው" አለኝ፣ ደግሞ ከ22ቱ ራሱ አንዱ የሥነ ጥበብ መሆን አለበት፣ ሴራሚክስ እሱን ይሞላል፣ ማለት የምጣላው ልጁ ግዴታውን በሚወጣበት ኮርስ ላይ ነው። አፍሬ ወጣሁ። ግን እልህ ስላለብኝ ቤት ገብቼ "እሺ ይሁን፣ ግን ለአንድ ሴሚስተር ብቻ" አልኩት፣ ፍርድ እንደሰጠ ዳኛ።

ትልቋ ልጄ ናት የሳቀችብኝ። እሷ አሁን ኮሌጅ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ "የልጆች ዶክተር ነው የምሆነው" ትል ነበር፣ እኛም ለዘመድ ሁሉ አውጀናል። 10ኛ ክፍል ላይ ቻይልድ ዴቬሎፕመንት (የልጆች እድገት) የሚባለውን ወሰደች። እዚህ ብዙ ሃይስኩል ውስጥ ትንሽ መዋእለ ሕፃናት አለ፣ የእውነት የሰፈር ልጆች፣ ሦስትና አራት አመት የሆናቸው ይመጣሉ፣ የሚያስተምሯቸው የሚያጫውቷቸው ደግሞ ተማሪዎቹ ናቸው፣ ትምህርቱን ራሳቸው ያዘጋጃሉ፣ መምህሯ ከኋላ ሆና ታያለች። ልጄ ሁለት ወር አልቆየችም፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ገብታ ቦርሳዋን ጥላ "ማሚ፣ እኔ ልጅ አልወድም" አለችኝ። አልወድም! አንዱ ጫማዋ ላይ አስታወከ፣ አንዷ ግማሽ ሰአት ሙሉ አለቀሰች፣ እና በዚህ ሁሉ መሀል የገረማት ነገር ምን መሰላችሁ፣ ልጆቹ ሲጫወቱ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት በየቀኑ እየመዘገበች ሰንጠረዥ መሥራት። ዛሬ የምታጠናው ዳታ ነው። ያኔ ሰምቼ የተሰማኝ ሐዘን ነው፣ አሁን ሳስበው ግን ያንን ነገር ሜዲካል ስኩል በር ላይ ደርሳ፣ ስንት ሺ ዶላር ብድር ተሸክማ ብታውቀውስ ኖሮ?

እኔ ማወቅ የነበረብኝን ያወቅኩት 31 አመቴ ላይ ነው። እኛ እኮ ምርጫ የሚባል ነገር አላየንም። አንደኛ ደረጃ እያለን "እጅ ሥራ" የሚባል ትምህርት ነበረ፣ ትዝ ይላችኋል? መምህሩ "ለሚቀጥለው ሳምንት ሞፈርና ቀንበር ሠርታችሁ ኑ" ይላል፣ ምን መሣሪያ፣ ምን እንጨት፣ ማን አሳየን፣ ምንም የለ። አጎቴ ሠራልኝ፣ 9 ከ10 አገኘሁ፣ አጎቴ ለምን አንድ ተቀነሰብኝ ብሎ ተቆጣ። ሃይስኩላችን ግቢ ጫፍ ላይ ደግሞ ሁሌ የተቆለፈ ትልቅ ክፍል ነበር። በመስኮት ስናይ አቧራ የለበሰ የብረት መላጊያ ምናምን ይታያል። ድሮ በጃንሆይም በደርግም ጊዜ ኮምፕረሄንሲቭ የሚባሉት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከአካዳሚኩ ጎን እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረት፣ ታይፕ፣ ሂሳብ አያያዝ፣ ሆም ኢኮኖሚክስ ይሰጥ ነበር፣ ታላቅ እህቴ ደርሳበታለች፣ ዛሬም ቀሚስ የምትሰፋው ያኔ በተማረችው ነው። እኔ ስደርስ የቀረው ቁልፉ ነው።

ከዛ ማትሪክ በ1990 ተፈተንን፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ፍሬሽማን ጨርሰን የዲፓርትመንት ፎርም ተሰጠን። ስታቲስቲክስ ደረሰኝ። ስድስተኛ ምርጫዬ ነው መሰለኝ፣ ምን እንደሆነም አላውቅም ነበር፣ ከኔ በላይ ያለችው ልጅ "ቁጥር ነው" አለችኝ፣ አለቀ። ሦስት አመት ተማርኩት፣ ተመረቅኩ፣ ዲቪ ደረሰኝ፣ እዚህ መጥቼ አንድ አሮጊት ሴትዮ ቤት እየሄድኩ ስንከባከብ ነው እጄ በሽተኛ ላይ ጥሩ እንደሆነ ያወቅኩት። ሞንጎመሪ ኮሌጅ ገብቼ ነርሲንግ ስጀምር ከክፍሉ በእድሜ ሁለተኛ ነበርኩ። (የሚገርመው ስታቲስቲክሱን አሁን ትልቋ ወደደችው። ከማን ወሰደች እንዳልል።)

ሀገር ቤት ያለው አሁን ምን ይመስላል ብዬ የእህቴን ልጅ ጠይቄው ነበር። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ገብቷል፣ ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ልጁ ግን የተማረው ከመጽሐፍ ነው፣ መሣሪያ አልነካም፣ ፈተናው ምርጫ ነው፣ ሀ ለ ሐ መ። አሁን ሃይስኩል ነው፣ እና 12ኛ ክፍል ፈተና ላይ በ2014 ዓ.ም. ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ከሰማ ወዲህ ሌላ ነገር የማሰብ አቅሙም የለው። እንዲህ ላለ ልጅ ሂድና ሸክላ ሞክር ብትለው ያብዳል። አልፈርድበትም።

እዚህም ቢሆን አበሻው ጋ ያለው ችግር ሌላ መልክ ነው ያለው። ዊተን ላይ ቶማስ ኤዲሰን የሚባል የቴክኖሎጂ ሃይስኩል አለ፣ ልጆቹ ግማሹን ቀን የራሳቸው ትምህርት ቤት ይማሩና ግማሹን በባስ እዛ ሄደው ሙያ ይማራሉ፣ መኪና ጥገና፣ አናጢነት፣ ግንበኝነት፣ ፀጉር፣ ምግብ ቤት፣ የጤና ሙያ። ተማሪዎቹ የሚሠሩት ቤት የእውነት ቤት ነው፣ አልቆ ለሰው ይሸጣል፣ የሚጠግኑትም መኪና እንደዛው ይሸጣል። የጓደኛዬ ልጅ መኪናውን ሊማር ፈልጎ አባቱ "እኔ ጋራዥ ለፍቼ ያሳደግኩህ ጋራዥ እንድትገባ ነው?" አለው። ልጁ ቀረ። ይሄ ደግሞ ማታ ማታ በገዛ እጁ የሁላችንንም ፍሬን ሸራ የሚቀይርልን ሰውዬ ነው፣ ምን ትለዋለህ። ሜሪላንድ በ2021 ባጸደቀችው የትምህርት ሕግ በ2030–31 (በፈረንጆቹ) የትምህርት ዘመን 45 በመቶ የሚሆኑ የሃይስኩል ተማሪዎች የሙያ ሰርተፊኬት ወይ አፕረንቲስሺፕ (ሥራ ላይ ሆኖ ሙያ መማር) ይዘው እንዲጨርሱ ግብ አስቀምጣለች፣ ግማሽ ሊሆን ምን ቀረው። እኛ ፓርኪንግ ላይ የምናወራው ግን ስለ ኤፒ ብቻ ነው።

ወደ እማዬ ልመለስ።

ኩርፊያው አንድ ሳምንት ያህል ቆየ። ከዛ አንድ ማታ ልጄ የትምህርት ቤት ስልኩን (ማለቴ ላፕቶፑን፣ ደክሞኛል) ከፍቶ ቪዲዮ እያየ ነው፣ አንድ ሰው ጭቃ ሲያሽ። እማዬ ከሶፋው ሆና በአይኗ ጥግ ታያለች። ሰውየው ጭቃውን እንደ ገመድ አድቦልቡሎ ዙሪያውን እየጠመጠመ እንስራ ነገር ያወጣል። "እንዲህማ የኛዎቹም ያደርጋሉ" አለች። ልጄ ቪዲዮውን አቆመው። ኮይል ነው ይባላል ብሎ አሳያት፣ እሷ ምን ኮይል ያውቃታል፣ ግን ወሬው ተጀመረ። ለካ ሰፈራቸው አጠገብ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፣ ልጅ ሆና ውሃ ልቅዳ ብላ ወጥታ አጥር ስር ተቀምጣ ስታያቸው ትውላለች፣ አንድ ቀን እናቷ ያዘቻትና እግሯን በልምጭ ገረፈቻት። ይሄን ታሪክ እኔ በ45 አመቴ ነው የሰማሁት! "ጭቃው ብቻውን አይሆንም" አለችው፣ "የተሰበረውን ገል ወቅጠው፣ ነፍተው ይቀላቅሉበታል፣ አለዚያ እሳት ሲነካው ይፈነዳል"። ልጄ ብድግ አለ። "ግሮግ! ማሚ፣ ግሮግ ነው እኮ የምትለው!" በዛው ሳምንት መምህሯ አሳይታቸው ኖሯል፣ የተተኮሰ ሸክላ ደቅቆ ጭቃው ውስጥ ይገባል፣ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ፣ እሳት ላይም እንዳይፈነዳ። ከዛ ቀን በኋላ ከኔ ጋር ማውራት ቀንሰው እርስ በርስ ሆኑ።

የሱ ሸክላ ሁለት ጊዜ ነው የሚተኮሰው፣ መጀመሪያ ወደ 1000 ዲግሪ በሚደርስ የኤሌክትሪክ እቶን፣ ቀጥሎ ግሌዝ የሚባለውን እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀውን ነገር ቀብተውት እንደገና። እማዬ ኩበትና ጭድ ነው የምታውቀው። "በኤሌክትሪክማ ጭሱን ከየት ያገኛል፣ ለዛ ነው ነጭ የሚሆንበት" እያለች ትተቻለች።

ታኅሣሥ ላይ ስኒ ይዞ መጣ። ስኒ ልበለው እንጂ ግማሽ ኪሎ ይሆናል፣ ጆሮ የለው፣ አፉ ወደ አንድ በኩል ያዘነበለ፣ ሰማያዊ። እማዬ ገለባበጠችው፣ በጥፍሯ አንኳኳችው፣ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማችው፣ እኔ ሽምብራ ገዝታ የምትመርጥ መሰለኝ። "ይሟሻል" አለች። ልጄ ግሌዝ ስለተቀባ አያስፈልገውም አላት፣ እኔ መሀል ቆሜ ማሟሸት ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ስንት ደቂቃ ፈጀሁ፣ ምጣድ ሲገዛ ጎመን ዘር ይታሻል ስለው ፊቱን አጨፈገገ። ተከራከሩ። ቡና ተቀዳበት። አንድ ደቂቃ አልሞላም፣ ከታች ረከቦቱ ላይ ቡናማ ክብ ወጣ፣ ለካ ውስጡን ሲቀባ አንድ ጥግ ዘሎታል። እማዬ ምንም አላለችም። ስኒውን አንስታ ቡናውን ፉት አለችና በነጠላዋ ጫፍ ታቹን ጠረገችው፣ አሁንም ፉት፣ ጠረግ፣ እስኪያልቅ ድረስ እንደዛ ጠጣችው። ሁለተኛውንም በሱ አስቀዳች።

ጥር ላይ ለ10ኛ ክፍል ምርጫ መጣ። እኔ በዚህ ጊዜ ተለውጫለሁ፣ ፓርኪንግ ላይ ራሱ ስኒውን በስልኬ ፎቶ የማሳይ ሰው ሆኛለሁ፣ እና ሴራሚክስ ቱ የሚል እንዳለ አይቼ ፓረንትቪው የሚባለውን የወላጆች ድረ ገጽ ከፍቼ ጠበቅኩት። ልጄ የለም አለኝ። ለምን? "ሞከርኩት እኮ። አሪፍ ነበር። አሁን ፎረንሲክ ነው የምፈልገው።" እንዴት እንደተናደድኩ! "ጀምረህ ልትተው ነው? እጅህ እኮ ገና መግባቱ ነው፣ አያትህስ ምን ትላለች?" እያልኩ ስጮህ ትልቋ በቪዲዮ ኮል ላይ ነበረች፣ ሳቋን መያዝ አቅቷት ስልኩ ከእጇ ወደቀ።

እማዬ ስትሰማ ግድም አልሰጣት። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፣ ክፍሉ ሳያልቅ ምጣድ ይሠራልኛል ወይ። መምህሯን ጠየቃት፣ ምን ያህል ስፋት አለችው፣ እጁን ዘርግቶ አሳያት፣ እቶናችን አይበቃውም አለች። ስለዚህ የመጨረሻ ሥራው የእጣን ማጨሻ ሆነ፣ ሦስት እግር ያለው፣ ግሌዝ የሌለው፣ ጥቁር እንዲመስል እማዬ ራሷ ምድጃ ላይ ልታጨሰው ሞክራ የጭስ አላርሙ ጮኾ ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

መጋቢት ላይ ስንሸኛት ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ሻንጣው ከብዶ ጫማ፣ ቫይታሚን፣ የሰው እቃ እያወጣን ስንቀንስ ማጨሻውን ወደ ሻንጣው ልከትላት ስል እጄን መታችኝ። በነጠላዋ ጠቅልላ በእጇ ያዘችው። ፍተሻው ላይ ሠራተኛው ፈትቶ ምንድነው ሲላት ከሩቅ አየኋት፣ እንግሊዝኛ የላትም፣ ወደ ልጄ ጣቷን ቀስራ ደረቷን መታ መታ አደረገች።